የእትዬ ዘሀራን አቤቱታ የዋጥኩት እኔ ነኝ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳን አልተናዘዝኩም። ንስሐ ስገባ ስለ ጾም፣ ስለ ሐሜት አወራለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ እዘለዋለሁ። ዛሬ አልዘለውም።

ቆቦ ተወልጄ አድጌ አዲስ አበባ ሄጄ የተማርኩት የስፓኒሽ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ስቆብኛል። «ስፓኒሽ? ቆቦ ላይ ከማን ጋር ልታወሪው ነው?» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ወደድኩት። የስፔንንም የላቲን አሜሪካንም ልቦለድ አነበብኩ። መሬቱን ባለጉልበት የነጠቀው ገበሬ፣ ጮሃ የሚሰማት ያጣች መበለት እዚያም እንዳሉ አወቅሁ። እያነበብኩ አልቅሻለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌንም የሠራሁት በእነዚያ መበለቶች ላይ ነው፤ መምህሬ «ልብሽን አፍስሰሽበታል» አለኝ። ልቤን! የቱን ልቤን?

በተመረቅሁበት ዓመት ጦርነቱ ጋብ ብሎ ነበርና ሁለት ስፔናውያን፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ የጉድጓድ ውሃ ሊያስቆፍሩ ቆቦ መጡ። አስተርጓሚያቸው ታሞ መንገድ ላይ ቀርቷል። አጎቴ ይህን ሲሰማ «የወንድሜ ልጅ አለች አይደል! ቋንቋቸውን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች» ብሎ ይዞኝ ሄደ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያሳደገኝም ያስተማረኝም እሱ ነው። «ውሃው በሮቢት መንገድ ባለው ማሳዬ ላይ ይውጣ፣ ለመንደሩም ይተርፋል» ብሎ አስቀድሞ በቀበሌ በኩል አስነግሯቸዋል።

ማሳው የሱ አልነበረም። የጎረቤታችን የእትዬ ዘሀራ ነበር። አውቃለሁ! ልጅ ሆኜ የማሽላ እሸት የበላሁበት ማሳ ነው። በጦርነቱ ባላቸው ሲሞቱ ልጃቸውን ይዘው ወደ አፋር ሸሹ፤ ሲመለሱ አጎቴ አርሶት ጠበቃቸው።

እንግዶቹ ማሳው ላይ ቆመው ሳለ እትዬ ዘሀራ እየሮጡ መጡ። ሻሻቸው ትከሻቸው ላይ ወድቋል። አጎቴን ዞር ብለው አላዩትም፤ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ አፋቸውን ታውቂያለሽ አሉ። ንገሪልኝ። ይህ መሬት የሟች ባሌ ነው በያቸው። ሸሽቼ ስመለስ ይህ ሰውዬ አርሶት አገኘሁት። ውሃውን እዚህ ካወጡለት ወላሂ መቼም አይለቅልኝም። ውሃ ጠላሁ አላልኩም፤ ሌላ ቦታ ያውጡት በያቸው።»

ስፔናዊቷ ወደ እኔ ዞረች። «ምን እያሉ ነው?» አለችኝ።

«በጦርነቱ ባላቸውን አጥተዋል» አልኳት። «ውሃው ቶሎ እንዲወጣላቸው ይለምናሉ። ስለመጣችሁም ያመሰግናሉ።»

እኔ ነኝ ያልኩት። አጎቴ አላስገደደኝም፤ አንዲት ቃል ሳይገባው እንዴት ያስገድደኛል? አልዛተብኝም፣ አልለመነኝም፣ ዓይኑን እንኳን አልጠቀሰኝም። ሁለቱንም ቋንቋ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እውነቱን ብናገር እዚያው የሚያውቅብኝ ሰው አልነበረም! ታዲያ ማንን ፈርቼ ነው? ማንንም። የአጎቴ ቤት ሲሞላ የኔም ቤት ይሞላል ብዬ ነው። ስስት ነው። ሌላ ስም አልሰጠውም።

ስፔናዊቷ ዓይኗ እንባ ሞልቶ እትዬ ዘሀራን አቀፈቻቸው። እሳቸውም በትከሻዋ በኩል ወደ እኔ ተመለከቱ።

«ገባት?»

«ገብቷታል፣ እትዬ።»

«አላህ ያክብርሽ ልጄ። አፍ ሆንሽኝ።»

መረቁኝ። አሜን አልኩ። ትሰሙኛላችሁ? አሜን አልኩ!

ውሃው እዚያው ወጣ። አጎቴ ሽንኩርት ተከለበት። እትዬ ዘሀራ የቁፋሮውን መኪና ያዩ ዕለት ቤታችን መጡ፤ ግቡ ቢባሉ አልገቡም። «ነግረሻቸው አልነበር?» አሉኝ።

«ነገርኳቸው፤ አልሰማ አሉ። ፈረንጅ እንዲህ ነው» አልኩ።

ሁለተኛ ዋሸሁ። ያቺን እያለቀሰች ያቀፈቻቸውን ሴት ልበ ደንዳና አደረግኋት። አመኑኝ። ቀበሌ አቤት ቢሉም አጎቴ እዚያ ሰው ነበረው። መመላለሱ ሲታክታቸው ጎብዬ ወደተዳረችው ልጃቸው ሄዱ፤ እስከ ዛሬም እዚያ ናቸው።

እናቴ ጎብዬ ገበያ አግኝታቸው ነበር። «ፈረንጆቹ ጨከኑብኝ እንጂ ያቺ ልጅስ ቀጥ አድርጋ ነግራልኝ ነበር» አሏት። ስሜን በደግ ያነሳሉ። ይህን ስሰማ መጀመሪያ በማን እንደተናደድኩ ታውቃላችሁ? በእሳቸው። ለምን አመኑኝ ብዬ! እንዲህ ያለሁ ነኝ።

አሁን አዲስ አበባ ለስፔን ጎብኚዎች አስተረጉማለሁ። ስለ ሀገራቸው ባህል፣ ስለ ደራሲዎቻቸው ስናገር ያደንቁኛል። በእያንዳንዱ አድናቆት በራሴ እበግናለሁ፤ ብግነቴ ግን አንዲት ክንድ መሬት አልመለሰም።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተን ምን በደልኳችሁና? ወደ ጎብዬ የሚሄድ መኪና በየቀኑ አለ። መንገድ አልተዘጋብኝም፣ ሥራ አልያዘኝም፣ አልታመምኩም። አልሄድኩም። ለእናንተ ነገርኳችሁ፤ ለእሳቸው አልነገርኳቸውም።