የአዴልሞ ያልተቆጠረች ኳስ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሚኒሶታ፣ አፕል ቫሊ ውስጥ፣ ልጄ ሶስና በበረዶው ወራት ኳስ በምትጫወትበት ጣሪያ ባለው ሜዳ ዳር ቆሜ ነበር። አጠገቤ የነበሩ አንድ ፈረንጅ አያት የሱሪያቸውን እግር ሰብስበው ከትንሽዬ ቆርቆሮ ቅባት እየዛቁ ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ። አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ ዓይን የሚያቃጥል፣ ራቅ ሲሉት የብርቱካን ልጣጭ የሚሸት ቅባት ነው። የልጅ ልጃቸው አፍሮ ፈቀቅ አለ። እኔ ግን ጠጋ አልኩ። ሰውየው ምን ሆና ነው ብለው ሳያዩኝ አልቀሩም፤ ይዩኝ።

ያን ዕለት መኪና ውስጥ ስንመጣ ሶስና ቀበቶዋን እያፍተለተለች «ማም፣ ኮች ኳስ ሆልድ ካደረግሽ ቤንች ትሆኛለሽ ብሎኛል። አይ ዶንት ዋና ሲት» አለችኝ፤ ኳስ ይዘሽ ከቆምሽ ተቀያሪ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ ተብላለች። ኳስ እግሯ ሥር ሲገባ ቆም ብላ የማየት ልማድ አላት። ከማን እንደወረሰችው አውቃለሁ፤ ከእኔ ነው። እኔ የወረስኩት ግን ከዘር አይደለም።

እኔ ያደግሁበት የሪችፊልድ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚሸተው ይህንኑ ቅባት ነበር። ጠዋት ጠዋት ከፊት ለፊታችን በር ሥር ሾልኮ ይወጣና ከእማዬ የሽንኩርት ቁሌት ጋር ኮሪደሩ መሀል ይገጥማል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው ቅባቱ ነው። የዚያ ቤት ተከራይ አዴልሞ የሚባል ብራዚላዊ ነበር፤ የከተማችን ክለብ አጥቂ አማካይ፣ ባለ አስር ቁጥር ማሊያ። ዛሬ ስሙን የሚያስታውስ ሰው ለማግኘት ብዙ መዞር ያስፈልጋል። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ወደ እኛ ያመጣው የአባዬ ስህተት ነው። አባዬ ያን ጊዜ ኤርፖርቱ አጠገብ ላለ ሆቴል ሻትል ይነዳ ነበር፤ ከተሳፋሪ መሀል ሀበሻ ለይቶ በማወቅ የሚስተካከለኝ የለም እያለ ይኩራራል። አንድ ቀን ሁለት ሻንጣ የያዘ፣ ጠይም፣ በዚያ ብርድ ስስ ጃኬት ብቻ የደረበ ሰው ሲሳፈርለት ሰላምታውን በአማርኛ አዥጎደጎደለት። ሰውየው ፈገግ ብሎ አንገቱን ነቀነቀ። አባዬ እየጠየቀ፣ እሱ እየነቀነቀ ሆቴሉ ደረሱ። አባዬም በልጅነቱ ወጥቶ ቋንቋው የጠፋበት ያገር ልጅ አገኘሁ ብሎ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ለምሳ ቤት ይዞት መጣ። እማዬ ገና እጁን እንደጨበጠች ገባት። «ይሄ ሰው ሀበሻ አይደለም» አለች ወጥ እያወጣች።

«ነው እንጂ፣ ረስቶት ነው» አለ አባዬ።

«ሁሉንም ነው የረሳው?»

ሰውየው ራሱ ደረቱን እየነካ «ብራዚል» ካለ በኋላ እንኳ አባዬ ሽንፈቱን አልተቀበለም፤ በእናቱ በኩል ሳይሆን አይቀርም አለ። እንዲያውም ከፊት ለፊታችን ባዶ የነበረውን አፓርትመንት አፈላልጎ አከራየው። አባዬ ተሳስቶም ቢሆን ያቀረበውን ሰው አይመልስም ነበር።

ከዚያ በኋላ እሑድ ምሳ ላይ አዴልሞ የማይቀር ሆነ። በተሰባበረ እንግሊዝኛው የነገረኝን ሕይወቱን እንደ ሰንበት ትምህርት ቤት ጥቅስ በቃሌ ይዤዋለሁ። የተወለደው የስኳር ፋብሪካ ያለባት ትንሽ ከተማ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቱ አንድ ትልቅ ክለብ ወሰደው፤ ወሰደውና ወንበር ላይ አስቀመጠው። ፖርቱጋል ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወርዶ በዝናብ ሲጫወት ጉልበቱ ተቀደደ፤ ድኖ ጃፓን ሄደ፤ ጃፓን ኳስ ሲነጠቅ የነጠቀው ተጫዋች ይቅርታ ይጠይቀው ነበር ብሎ እስኪያለቅስ ይስቃል። ከዚያ ሚኒሶታ። በየሄደበት አሰልጣኞቹ ኳስ ታዘገያለህ ይሉት ነበር። እሱም በየሄደበት ያዘገይ ነበር።

እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። የትምህርት ቤቱ የሴቶች ቡድን ውስጥ መስመር ላይ ተሰልፌ ሩጪ ብቻ የምባል ልጅ ነበርኩ፤ የቡድኑ አሰልጣኝ ኢትዮጵያዊ መሆኔን እንደሰማች ሌላ ነገር መጠየቅ አላስፈለጋትም። ችግሩ መሮጥ አልችልም። ሁለት ዙር ሳልጨርስ ጎኔን ይዤ እጎነበሳለሁ፤ ኢትዮጵያዊ ሆኜ መሮጥ አለመቻሌን ሴትየዋ እንደ ማጭበርበር ነበር የምታየው። አዴልሞ የመኪና ማቆሚያው ላይ ብቻዬን ኳስ ከግድግዳ ጋር ስለጋ በመስኮት አይቶኝ እያነከሰ ወረደ። ስለ እግሬ ምንም አላለም። ያስተማረኝ ኳሱ ሳይመጣ በፊት በግራ ትከሻዬ፣ ቀጥሎም በቀኝ ትከሻዬ ዞሬ ማየትን ነው። ኳሱ ሲደርስ ጫማዬን ላዩ ላይ አድርጌ፣ የሚሮጠው የቡድኔ ሰው እስኪነሳ ድረስ ሳላፍር መቆምን ነው። ሳላፍር የሚለውን ደጋግሞ ነበር የሚለው። ያን በጋ ሙሉ የጎረቤት መኪናዎች ተከላካዮቻችን ሆነው አለፉ፤ አንድ ሁለት መስታወትም ሳይሰበር አልቀረም።

በሁለተኛው ዓመት፣ ክለቡ ማሸነፍ ግድ በሆነበት የመጨረሻ ጨዋታ፣ አባዬ የቤተ ክርስቲያኑን ቫን በሽማግሌዎች ሞልቶ ስታዲየም ወሰደን። ኳስ በእግራቸው ነክተው የማያውቁት ጋሽ ተካልኝ ሳይቀሩ ካፖርታቸውን ደርበው መጡ፤ አዴልሞ እኮ የኛው ሰው ሆኗል። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል፣ ውጤቱ እኩል ለእኩል እንደሆነ፣ ኳሷ መሀል ሜዳ ላይ አዴልሞ እግር ሥር ገባች። ጫማውን ላይዋ ላይ አሳረፈና ቆመ። ስታዲየሙ በሙሉ ጮኸበት። እሱ ቆመ። እኔ ትንፋሼን ይዤ እሱ የሚያየውን ስፈልግ፣ ከተከላካዮቹ ጀርባ በስተግራ አጥቂው ሊነሳ ትከሻውን ዝቅ ሲያደርግ አየሁት። ያኔ ለቀቃት። በሦስት ሰው መሀል አልፋ፣ ታጥፋ፣ ልክ አጥቂው እግር ፊት አረፈች፤ ከግብ ጠባቂው በቀር ሰው የለም። አጥቂው ወደ ሰማይ ላካት።

የተጮኸው በአጥቂው ላይ ሳይሆን በአዴልሞ ላይ ነው። ጨዋታው በዚያው አለቀ።

ሲመለስ ከኛው ጋር በቫኑ ነበር የተሳፈረው፤ ጋቢና አባዬ አጠገብ፣ ጉልበቱ ላይ የበረዶ ከረጢት አስቀምጦ። እኛ ሀበሾች ሰው ቋንቋችንን አለመቻሉ እንደ ግድግዳ ስለሚቆጠርልን፣ ሽማግሌዎቹ እሱ እዚያው ተቀምጦ በአማርኛ ያሙት ጀመር። «ጥሩ ሰው ነው፤ ትሁት ነው። ግን አዘገየ። ወዲያው ቢሰጠው ኖሮ እናሸንፍ ነበር» አሉ ጋሽ ተካልኝ። አዎን አሉ ሁሉም። አባዬ ይነዳል።

«አላዘገየም» አልኩ ከኋላ ወንበር። «የሳተው ያኛው ነው።»

አጠገቤ የተቀመጠችው እማዬ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ደገምኩት፣ ጮክ ብዬ። ጋሽ ተካልኝ እንዳልሰማ ሰው ወደ መስኮቱ ዞሩ። አዴልሞ ግን ድምፄን ሰምቶ ምን አለች ብሎ አባዬን በእንግሊዝኛ ጠየቀው። አባዬ ሽማግሌዎቹን ላለማስከፋት አንድ ነገር ፈጥሮ ማለፍ ይችል ነበር። አልፈጠረም። «ዩ ወር ራይት ነው የምትለው» አለው፤ ልክ ነበርክ ማለቱ ነው። አዴልሞ ከነጉልበቱ ተጎትቶ ወደ እኔ ዞረና፣ ኳሷን ሳልለቃት በፊት አጥቂውን አይተሽው ነበር ወይ አለኝ። አይቼዋለሁ አልኩት። ፊቱን መልሶ በበረዶው ከረጢት አበሰ። የእማዬ ቁንጥጫ ሳምንት ሙሉ በልዞ ቆየ፤ ልብሴን ገልጬ እያየሁ እኮራበት ነበር።

ክለቡ ውሉን አላደሰለትም። አባዬ በዚያው ሻትል ወደ ኤርፖርት መለሰው። ለገና ሁለት ሦስት ጊዜ ደወለ፤ ከዚያ ስልኩም ቀረ። አባዬ ዛሬ የለም። እማዬ ከመቆንጠጥ ይልቅ መርሳት ጀምራለች። ኮሪደሩ ምንጣፉ ተቀይሮ የሳሙና ሽታ ብቻ ይሸታል፤ ሄጄ አሽትቻለሁ። በቅርቡ ሥራ ቦታ በእረፍት ሰዓቴ የአዴልሞን ስም ስልኬ ላይ ፈለግሁ። ሙሉ ሕይወቱ ትንሽ ሰንጠረዥ ሆኖ ተቀምጧል፤ ክለብ፣ ዓመት፣ ግብ፣ ለግብ ያመቻቸው። ያቺ ኳስ የለችበትም። አጥቂው ስለሳታት አልተቆጠረችም። ሰንጠረዡን የሠሩት ሰዎች እዚያ አልነበሩም። እኔ ነበርኩ፤ ያየሁትን ደግሞ ማንም አይቀንስብኝም።

ባለፈው ቅዳሜም ቅባቱን እያሸተትኩ ቆሜ ሳለ ኳሷ ሶስና ጋ ደረሰች። ቀና ብላ ግራና ቀኝ ስታይ አየኋት። ከዚያ ጫማዋን ላይዋ ላይ አደረገች። ወላጁ ሁሉ አቀብዪ ለማለት «ፓስ ኢት፣ ፓስ ኢት» አለ፤ አሰልጣኙ እጁን አወናጨፈ፤ የተቀያሪ ወንበሩን በእጁ ሲያሳያት አየሁ። ከበርንስቪል የሚመጣ አንድ ሀበሻ አባት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እህቴ፣ ልጅሽ ጎበዝ ናት፣ ግን ታዘገያለች። ንገሪያት» አለኝ። ሶስና ወደ እኔ አየች። ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያ ሜዳ ዳር ቆሜ ድምፄን አሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ጠብቂ!» አልኳት በአማርኛ፣ ጣሪያው እስኪያስተጋባ። «ሶስና፣ አትፈሪ፣ ጠብቂ!»

ሁልጊዜ እንግሊዝኛ እያቀላቀለች የምትመልስልኝ ልጅ ሰምታኛለች። እግሯን ከኳሷ ላይ አላነሳችም።

ገባ አልገባ ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ፤ ያ ሀበሻ አባትም መኪና ማቆሚያው ድረስ ተከትሎ ያወራኝ ስለዚያው ብቻ ነው። አልነግራችሁም። ሶስና ኳሷን የለቀቀችው በስተግራ የምትሮጠው የቡድኗ ልጅ ስትነሳ ነው። ልጅቷን አይቻታለሁ፤ ሶስናም ከእኔ በፊት አይታታለች።