ሐኪም ጋራ ላይ የፈረምኩት ጥናት

ሰው ስለ ወጣትነቱ ሲያወራ የሚኮራበት አንድ ነገር አያጣም። እኔ ያለኝ ሁለት ገጽ ተኩል ጥናት ነው። እሱም ስሙ በተነሳ ቁጥር ላብ ላብ ይለኛል።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ከጎጃም ሐረር በቀያሽነት ተመድቤ፣ ፈላና በር አጠገብ አንዲት የቀበሌ ክፍል ውስጥ ከሁለት አስተማሪዎች ጋር ታጭቄ እኖር ነበር። የመንግሥት ሠራተኞች የቤት ሠሪዎች ማኅበር ሲቋቋም ሮጬ ተመዘገብኩ። ቤቶቹ ከተማዋን ቁልቁል በሚያየው ተራራ፣ በሐኪም ጋራ ተዳፋት ላይ እንዲሠሩ ከላይ ተወሰነ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጠራኝና፣ «ጓድ፣ ቤቶቹ አካባቢውን እንዳይጎዱ፣ አካባቢውም ቤቶቹን እንዳይጎዳ አጥንተህ በአንድ ሳምንት አቅርብ» አለኝ። በአንድ ሳምንት! ጋራ የሚያህል ነገር!

የወጣሁት በጥር ነው። ገበሬዎቹ ተዳፋቱን ከላይ እስከ ታች በድንጋይ እርከን ሸንሽነው ጫትና ማሽላ ያበቅሉበታል፤ አንዲት ስንዝር አልባከነችም። እኔ ደግሞ፣ አይ የኔ ነገር፣ ለገበሬ ተቆርቋሪ ነኝና የታረሰ መሬት ላይ ችካል አልተክልም ብያለሁ። ስዞር ስዞር በእርከኖቹ መሐል ቁልቁል የሚወርድ ሰፊ ባዶ ቦታ አገኘሁ። አልታረሰም፣ አልተተከለበትም፤ ጠጠርና የደረቀ ሣር ብቻ። «ተገኘ!» አልኩ በሆዴ። ማንንም ሳልጠይቅ ችካሌን ደረደርኩበት። ሰው ለአንድ ክንድ መሬት በሚገዳደልበት አገር ይህን ያህል ቦታ ዝም ብሎ የሚተው ማን ነው? ብሎ መጠየቅ አልመጣልኝም። የተማርኩ ነበርኩ እኮ።

በሦስተኛው ቀን ከባዶው ቦታ ግርጌ የሚያርሱ አንድ ሽማግሌ ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ መጡ። ችካሌን አልነቀሉም፤ አጠገቡ ቆመው ሰላምታ ሰጡኝና፣ «ኢንጂነር፣ ይህ የውሃ ነው» አሉኝ። ኢንጂነር እንዳልሆንኩ ልነግራቸው ነበር፤ ደስ ስላለኝ ተውኩት።

«የምን ውሃ፣ አባባ? ጠብታ የለም እኮ።»

«አሁን የለም። ክረምት ሲገባ ይመጣል። አባቶቻችን ለውሃው ትተውለታል፤ እኛም ዝናብ ሳይጥል መንደሩ በሙሉ ወጥተን እንጠርግለታለን። ወላሂ፣ ወንድማማች በድንበር ሲጣላ እንኳ ይህን የሚነካ የለም።»

ይዘውኝ ወረዱ። በግራም በቀኝም የተካበውን ድንጋይ፣ ውሃ ልጎ ልጎ ያለሰለሰውን አለት አሳዩኝ። ለካ ማንም ያልሠራበት ያልኩት መሬት ከታረሰው ሁሉ የበለጠ ተለፍቶበታል! አፈርኩ። ያኔ ገና ማፈር እችል ነበር። እዚያ ቤት ከተሠራ ውሃው ዞሮ የሽማግሌውን ማሳ እንደሚበላ ለማወቅ ቀያሽ መሆን አያስፈልግም።

«እጽፈዋለሁ፣ አባባ» አልኳቸው።

«አላህ ያክብርህ፣ ልጄ» ብለው መረቁኝ።

ጻፍኩትም፤ አንድ ሙሉ ገጽ። ሊቀመንበሩ አነበበና ገጹን ዳር እስከ ዳር በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። «ችካሉን የተከልከው አንተ፣ አሁን ተሳስቻለሁ ባይም አንተ? ሌላ ቦታ እስኪፈለግ ዕድሉ ለሌላ ማኅበር ያልፋል። ያንተም ስም እኮ ቤት የሚያገኙት ዝርዝር ላይ አለ፣ ጓድ።»

ሰበብ ልደርድር ብል ሞልቷል። እጮኛዬን ላመጣ ነበር፤ ሊቀመንበሩም ክፉ ሰው ነበር፤ ጊዜውም ያስፈራ ነበር። ተዉት። የጽሕፈት መኪናው ፊት የተቀመጥኩት እኔ፣ ያንን ገጽ አስቀርቼ እንደገና የመታሁት እኔ፣ የፈረምኩት እኔ። በጉባኤው በጭብጨባ ጸደቀ፤ እኔም አጨበጨብኩ።

የቤቶቹ ግንብ ወገብ ሲደርስ ሽማግሌው አቤት አሉ። ሰሚ ሲያጡ ማሳቸው ራስ ላይ የድንጋይ ክትር ሠሩ፤ ሌላ ምን ያድርጉ? ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ዝናቡ ወረደ። ዳር ቆሜ አየሁት። ጎርፉ እየተንደረደረ መጥቶ ግንቦቹን ሲያገኝ ለሁለት ተከፈለ፤ አምስት ጅምር ቤቶች ናደ፤ ክትሩን ጥሶ የሽማግሌውን እርከን ከነአፈሩ ጠርጎ ሄደ። በማግስቱ ማሳቸው አለት ብቻ ነበር።

ይህ አንሷቸው ማኅበራችን ፍርድ ሸንጎ ከሰሳቸው። የማኅበር ንብረት ፈርሶ ጥፋተኛ ሳይገኝ ሊቀር ነው? ክትሩ ውሃውን ወደ ኋላ መልሶ ቤቶቹን አፈረሰ፤ አሻጥር ነው ተባለ። ጎርፍ ሽቅብ ወጣ ማለት እኮ ነው! ከተሰበሰበው ሰው አንድም የሳቀ የለም። ከተፈረደባቸው ከገበሬ ማኅበሩ ተሰርዘው ቀሪዋን መሬት ያጣሉ፤ እስራትም አለ።

ሽማግሌው ተነሱና፣ «የውሃ መንገድ መሆኑን ቤቱ ሳይጀመር ተናግሬያለሁ» አሉ።

«ለማን?» አለ ዳኛው።

ወደ እኔ አመለከቱ። «ለኢንጂነሩ። ጽፎታል። ደግ ልጅ ነው፤ እሱን ጠይቁ» አሉና፣ ነገሩ ያለቀላቸው መስሏቸው ተደላድለው ተቀመጡ።

ጥናቴ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የማኅበራችን ሊቀመንበር ገለጥ ገለጥ አደረገውና ቀና ብሎ፣ «ጓድ፣ የነገረህ ሰው ነበር?» አለኝ።

ተነሳሁ። «አልነበረም» አልኩ።

ሽማግሌው አልጮሁም፣ አልተራገሙም። ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ «ልጄ፣ እስቲ ድገመው» አሉኝ።

ደገምኩት።