አትንኩት ብዬ የጻፍኩለት አባቴ

ከመተማ የተነሳሁት የአባቴን መቃብር ለማየት ነው። የሰፈሩ ሰው ነጭን በሚጠራበት ስም ኻዋጃ ኒቆላ የሚለው አባቴ መተማ ላይ ዕጣንና ሙጫ ይነግድ የነበረ ግሪክ ነው። ደርግ መጋዘኑን ሲወርስበት ወደ ትውልድ ደሴቱ ወደ ኪዮስ ተመለሰ፤ እኔንና እናቴን ለማስመጣት ሲሯሯጥ እዚያው ሞተ። እናቴ "ከመቃብሩ አፈር አምጪልኝ" አለችኝ። ለመውጫ ፈቃድ አራት ዓመት ደጅ ጠናሁ። ጓድ እገሌ ስብሰባ ናቸው፤ ጓድ እገሌ ዘመቻ ሄደዋል!

ይህን ስጠብቅ ከአባቴ እህት ደብዳቤ መጣ። "ሦስት ዓመት ሞላው፤ አጥንቱን እናውጣ?" ይላል። እናቴ ደረቷን መታች። "ምን ዓይነት አረመኔዎች ናቸው? የሞተ ሰው ይቆፈራል?" እኔም አባቴ ባስተማረኝ ስብርባሪ ግሪክኛ "እንዳትነኩት" ብዬ ጻፍኩ።

እስከ ጎንደር

በኤንትሬ መኪና፣ ሰሊጥ ጭነት ላይ ተቀምጬ ነው የሄድኩት። ዋጋው አሥራ አምስት ብር፤ አቧራው በነፃ። ገንዳ ውሃ ኬላ ላይ ሻንጣዬን በረበሩት።

"ወዴት ነሽ?" አለኝ ፈታሹ።

"ግሪክ አገር።"

"የሚኮበልል ሰው በወዲያ ነው የሚሄደው፤ ሱዳን ጠፋችሽ እንዴ?" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ኪዮስ

ከአዲስ አበባ አቴንስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በመርከብ። ወደቡ ላይ አክስቴ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ጠበቀችኝ። ሽማግሌው አቶ ያኒ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ሱቅ ነበራቸው፤ የሱዳን ዓረብኛቸው ከኛ ሰፈር ሰው አይለይም። የማይገባኝን ግሪክኛ እሳቸው አስተረጎሙልኝ።

መንደሩ ያምራል፤ አልዋሽም። የቤቶቹ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ልስኑ እየተፋቀ በጥቁርና ነጭ ጥለት ያጌጠ ነው። ከመንደሩ ውጭ ከሰው ቁመት ብዙም የማይበልጡ ዛፎች አሉ። ገበሬዎቹ የዛፎቹን ሥር ጠርገው ነጭ አፈር ይነሰንሱና ቅርፊቱን በስለት ያቆስሉታል፤ የዛፉ እንባ ንጹሕ አፈር ላይ ይንጠባጠባል። ማስቲካ የምንለው ስሙን ያገኘው ከዚህ ሙጫ ነው አሉኝ። አባቴ የኛን የዕጣን ዛፍ ለምን እንደዚያ ይወድ እንደነበር ያን ቀን ገባኝ።

የመቃብር ስፍራው

አክስቴ የተቀቀለ ስንዴ በሳህን ይዛ መጣች። ንፍሮ! የሐዘን ወጋችን አንድ ነው ብዬ ደስ አለኝ። መቃብሮቹን አልፈን አጥሩ ጥግ፣ ድንጋይ የተከደነበት ጉድጓድ አጠገብ ቆመች።

"አባቴ የት ነው?"

"እዚህ ውስጥ፤ ከሌሎቹ ጋር" አሉ አቶ ያኒ አንገታቸውን ደፍተው። "ልጄ፣ እዚህ መቃብር የሚሰጠው በውሰት ነው። በሦስት ዓመቱ ዘመድ አጥንቱን አውጥቶ፣ በወይን ጠጅ አጥቦ፣ ስሙ ባለበት ሣጥን ያኖረዋል። ዘመድ ያልቆመለት ግን ጉድጓድ ይጣላል።"

"እህቱ እያለች?"

አክስቴ ከጉያዋ ወረቀት አወጣች። የኔው ጽሑፍ ነው። "ልጁ አትንኩት አለች። የልጅን ቃል እንዴት ልጣስ? ቀባሪው ቦታውን ለሌላ ሟች ፈልጎ ሲያወጣው እኔ ቤቴ ተቀምጬ አለቀስኩ።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ደርግን መራገም ለምጃለሁ፤ ይህን ግን ማን ላይ ላላክክ? ንፍሮዋን ሳልቀምስ መለስኩላት። አፈርም አልዘገንኩም፤ የማንን አፈር?

መተማ

መንገዱን ሙሉ ውሸት ሳዘጋጅ መጣሁ። እናቴን ሳያት ግን እውነቱ አመለጠኝ። ተነሥታ በሩን ዘጋች። ኋላ "ለሰው እንዳትተነፍሺ" አለችኝ።

ጉዞው ያስተማረኝ ይህ ነው፦ የሰው አገር ሐዘን ሳይጠይቁ አይፈረድበትም። ይህን ለመማር አባቴን ከፈልኩ።

በሳምንቱ ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ልትጠይቀን መጣች። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ "ነጭ እብነ በረድ ነው ያሠሩለት" አለቻት፤ "ስሙም በትልቁ ተጽፏል።"

እትዬ ዘሃራ ወደኔ ዞረች። "እውነት ነው ልጄ?"

"አዎ እትዬ" አልኩ። "አበባም ተክለውበታል።"