የርብቃ ቀኝ እጅ

መምህር ጠና አንጋጫ ላይ ለዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ሲያስተምር መጀመሪያ በሩን ይዘጋል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ፤ ልጆቹ ግን አፋቸውን የፈቱት በከምባትኛ ነው። እሱም እዚያው ከምባታ፣ ዳምቦያ ተማሪ ሳለ ትርጉሙን ሳያውቅ ሸምድዶ ነው ያለፈው፤ የሸመደደው ነገር የገባው መምህር ከሆነ በኋላ ነው። ስለዚህ በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ትምህርቱን በእናታቸው ቋንቋ ያጎርሳቸዋል። እንዲያም ሆኖ የሚጠይቅ የለም፤ ዝም ብለው ይጽፋሉ። አንድ ልጅ ከልቡ ሲጠይቀው ሰምቶ ቢሞት አይቆጨውም ነበር።

አንድ ቀን ሱፐርቫይዘር ይመጣል ተባለ። በሩ ሊከፈት፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ብቻ ሊሰጥ ነው። ጠና እያፈረ ልጆቹን መከራቸው።

"ስጠይቅ ሁላችሁም እጅ አውጡ። የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን። እኔ ቀኝ ያወጣውን እጠራለሁ።"

"ቲቸር፣ ክፍሉ በሙሉ ግራኝ ቢሆንስ?" አለ መልካሙ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። ትምህርቱ ስለ ባክቴሪያ ነበር። ጠና በጠየቀ ቁጥር እጅ ሁሉ ይነሣል። ድምጿ ተሰምቶ የማያውቀው ርብቃ ቀኟን ስታወጣ ደስ ብሎት ጠራት። እሷ ግን ልትመልስ አልነበረም።

"ቲቸር፣" አለች በከምባትኛ፣ "የኛን ጓሮ እንሰት የሚያጠወልገው ይሄው ነው እንዴ? እናቴ የቆረጠችበትን ቢላ እሳት ብናስነካው ይሞታል?"

ጠና ስንት ዓመት የጠበቀው ጥያቄ! ቀና ሲል የሰውየው እስክሪብቶ ቆሟል፤ ዓይኑ እሱ ላይ ነው።

"በእንግሊዝኛ ጠይቂ" አላት፣ ራሱም በእንግሊዝኛ።

ልጅቷ አፏን ከፈተች፤ ቃል አጣች። ከኋላ አንዱ ልጅ ኪኪ ብሎ ሳቀ። ተቀመጠች።

ሰውየው ሲወጣ፣ "ተሳትፏቸው ግሩም ነው!" ብሎ የጠናን እጅ ጨበጠ።

በማግስቱ ጠና በሩን ዘግቶ በከምባትኛ ጀመረ። "ርብቃ፣ የትናንቱ ጥያቄሽ ልክ ነው። ባክቴሪያ ነው፤ ቢላውን እሳት…"

"ፈተና ላይ ይመጣል ቲቸር?" አለች ርብቃ።

"አይመጣም፤ ግን…"

"እንግዲያው ኖቱን ይጻፉልን።"

ጠመኔውን አንሥቶ ሰሌዳውን በእንግሊዝኛ ሞላው። ሲጨርስ ዞሮ፣ "ገባችሁ?" አለ። ለምደውታልና ሁሉም እጅ አወጡ። ርብቃ ከደብተሯ ቀና አላለችም። በቀኟ እየጻፈች ግራዋን አወጣች።