ለማያውቁት ልጅ የገባ ስለት

የክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ በሰማሁ ቁጥር፣ መርካቶ ያደግሁበት ግቢና የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ ድምፅ አብረው ይመጡብኛል። አባቴ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ አመሻሽ ላይ ባልደረቦቹ በብሉቱዝ የላኩለትን ጉድ የሚያሰኝ ቪዲዮ ይዞ ይገባና፣ እናቴን፣ እህቴንና እኔን ይሰበስባል፤ እትዬ አስካለ መጥተው ካልተቀመጡ ግን ስልኩን አይከፍትም ነበር። እውነቱን ለመናገር እኛ የምናየው እሳቸውን ነበር፤ ሲያማትቡ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሲይዙ፣ ስልኩ ውስጥ ያለውን ሰው «ተው አንተ፣ ትወድቃለህ» ብለው ሲቆጡ በሳቅ እንሞት ነበር።

አንድ ክረምት የመጣው ግን አላሳቀንም። አገሩ የት እንደሆነ የማይታወቅ ልጅ ጎርፍ ይዞት ሲሄድ ይታይና፣ እጁን ወደ አንድ ቅርንጫፍ እንደዘረጋ ቪዲዮው ያልቃል። «ተረፈ?» አሉ እትዬ አስካለ። አባቴ ቪዲዮው እዚያ ላይ እንደሚቆረጥ ቢነግራቸውም አልተዋጠላቸውም፤ ከሥራ ሲገባ በር ላይ እየጠበቁ «ተስፋዬ፣ የዚያ ልጅ ነገር እንዴት ሆነ?» ይሉት ነበር። እህል አልወርድ አላቸው። አባቴ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ቀሪውን ቢያፈላልግ፣ የሁሉም ስልክ እዚያው ቅርንጫፉ ላይ ያበቃ ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላም ጥያቄው ስላልቀረ እናቴ «ሴትዮዋ ሊሞቱብን ነው፣ አንድ ነገር በላቸው» አለችው።

«እትዬ፣ ልጁን አውጥተውታል» አላቸው አባቴ።

እትዬ አስካለ መሬት ስመው ተነሱና፣ «ከተረፈ ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ ለሚካኤል ተስዬ ነበር» አሉ። አባቴ የሚገባበት ጠፋው። የኅዳር ሚካኤል ዕለት እሳቸው ባለ ዘርፍ ጃንጥላቸውን ታቅፈው ስለታቸውን ሲያስገቡ፣ እሱ ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር።

ዛሬ እትዬ አስካለ የሉም። እኔም ስልኬ ላይ የሚመጣውን ጉድ ሁሉ አይቼ፣ የሳቅ ምልክት አድርጌበት፣ ለጓደኞቼ ልኬ አልፋለሁ፤ ሰውዬው ተረፈ አልተረፈ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ባለፈው ክረምት ያው የጎርፉ ቪዲዮ ረዘም ብሎ ደረሰኝ። ቅርንጫፉ ጋ ሲደርስ አቆምኩትና ለአባቴ ደወልኩለት። «የዚያ ጎርፍ የወሰደው ልጅ ቪዲዮ ቀሪው መጣልኝ» አልኩት።

«ስለቱ ገብቷል እኮ፣ ልጄ» አለኝ፤ «ተይው።»

መጨረሻውን ሳላይ አጠፋሁት።