የሆም ሳይንሱ ወጥ

ሰሞኑን ልጄ ሲኒየር ስኩል ገብታ የምትማረውን የትምህርት ዘርፍ ሶፋ ላይ ተጋድማ በስልኳ መረጠች። እኔ ሻይ ጥጄ ሳልጨርስ እሷ ጨርሳለች። «ማሚ፣ ሳብሚት አድርጌዋለሁ» አለችኝና ወደ ቪዲዮዋ ተመለሰች። ማንም አልጮኸባት፣ ማንም አልሳቀባት። እውነቱን ልናገርና ቀናሁባት። የገዛ ልጄ ላይ ቀናሁ፣ ምን ይደረግ።

ናይሮቢ ያደጋችሁ የእኔ ዘመን ሰዎች ፕራክቲካል ብሎክን፣ የእጅ ሙያ የምንማርበትን ቤት፣ መቼም አትረሱትም። የእኛ ትምህርት ቤት ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም ቤት ነበረው። በአንደኛው ጫፍ የአናጢነት ክፍሉ የተላገ እንጨትና የኮላ ሽታ ይተፋል፤ መሃሉ ላይ የታይፕ ክፍሉ ሲንጣጣ ይውላል፤ በሌላው ጫፍ ሆም ሳይንስ፣ የምግብ ሥራው ክፍል፣ አለ። ከሆም ሳይንስ መስኮት የሚወጣው የማርጋሪንና የኬክ ሽታ የሂሳብ ክፍለ ጊዜያችንን ስንቴ አበላሽቶታል! ነፋሱ ሲዞር ደግሞ ከአጥሩ ሥር የአግሪካልቸር ክፍል አሳማዎች ሽታ ይመጣል። ፎርም ስሪ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል መሆኑ ነው፣ ስንገባ እያንዳንዳችን አንድ ክፍል እንመርጣለን ይባላል። ምርጫው ለስሙ ነበር። የሆም ሳይንስ ምድጃዎች ጥቂት ስለነበሩ አስተማሪዋ ማዳም ዋምቡይ ወጥ አሠርታ የወደደቻትን ታስቀራለች፤ የተረፈው ቦታ ወደተገኘበት ይወረወራል።

እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁት ዘግይቼ ነው። እንግሊዝኛው አፌ ላይ ይጎተታል፤ ስዋሂሊ ስናገር ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። ቢላዋና ሽንኩርት ከሰጣችሁኝ ግን ማንም አጠገቤ አይደርስም ነበር። እናቴ ኪሊማኒ ሰፈር ምግብ ቤት ነበራት፤ ከትምህርት መልስ የምውለው እዚያ ማድ ቤት ውስጥ ነበር። ነጭ ቆብ የደፋ የትልቅ ሆቴል ሼፍ ካልሆንኩ ብዬ ሞቼ ነበር። ለዚያ መንገዱ አንድ ብቻ ነው፤ ማዳም ዋምቡይ ክፍል መግባት።

አሁን የእማዬን አሠራር ልንገራችሁ። በጾም ወራት ለማይጾሙት ደንበኞች የሥጋ ወጥ ይሠራል፤ እሷ ግን ምላሷ ላይ ጠብ አታደርግም። መድረሱን አሽትታ ታውቀዋለች፤ ጨውን ግን አፍንጫ አይነግርም። ስለዚህ ምዌንዴ የምትባለውን ሠራተኛዋን ትጠራና ጭልፋውን እየሰጠች «ኦንጃ!» ትላታለች፤ ቅመሺ ማለቷ ነው። ምዌንዴ ቀምሳ ይጨመር ካለች ይጨመራል፣ በቃ ካለች በቃ። በእኔ ዓይን ወጥ በዓለም ላይ የሚሠራው እንደዚህ ነበር።

የማዳም ዋምቡይ ፈተና ሁዳዴ ላይ ወደቀ። የበሬ ሥጋ ወጥ በካሮትና በድንች። ከጎኔ ያለው ምድጃ ላይ አኪኚ ነበረች። አኪኚ ጓደኛዬ ናት፤ በአንድ ዴስክ የምንቀመጥ፣ ስዋሂሊ ያስተማረችኝ፣ ሌሎቹ ሲስቁብኝ የምትቆጣልኝ። ወጤ ደርሶ ሽታው ልቤን ሲያሞቀው፣ እንደ ቤቴ ልማድ ማንኪያውን ለአኪኚ ሰጠኋት። ዓይኗን ጨፍና ቀመሰች። «ትንሽ ጨው» አለችኝ። ጨመርኩ። እንደገና ሰጠኋት፤ «ገና ነው፣ ጨምሪ» አለች። ጨመርኩ። እሷም ያቺን ቦታ እንደምትፈልጋት አውቃለሁ፤ ግን በጭራሽ፣ በጭራሽ አልጠረጠርኩም።

ማዳም ዋምቡይ በማንኪያ ወስዳ አፏ ውስጥ አደረገችውና ገንዳው ላይ ተፋችው። አፏን ተጉመጠመጠች። ቀምሼው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጾም ላይ ነኝ፣ አኪኚ ናት የቀመሰችልኝ አልኩ። ማዳም ወደ አኪኚ ዞረች።

«አልቀመስኩም ማዳም» አለች አኪኚ፣ ዓይኗን እንኳ ሳትሰብር። «የሰው ፈተና እንዴት እቀምሳለሁ?»

ማዳም ሳህን ሙሉ ቀዳች። አግዳሚው ላይ እንድቆም አዘዘችኝ። «ለሰው ያቀረብሽውን አንቺም ትበይዋለሽ» አለችኝ። ለመንኳት። በአማርኛ ሁሉ ለመንኳት መሰለኝ፤ የማውቀው ቋንቋ ሁሉ ጠፍቶብኝ ነበር። በላሁት። እያለቀስኩ፣ ንፍጤ ከወጡ ጋር እየተቀላቀለ፣ ሥጋውን በሁዳዴ እየዋጥኩ በላሁት። ክፍሉ በሳቅ ተንፈራፈረ። አኪኚም በሽርጧ አፏን ሸፍና ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም፤ ወደፊትም እንጃ።

ቤት ደርሼ ለእማዬ ነገርኳት። ትምህርት ቤት ሄዳ የምትጮህልኝ መስሎኝ ነበር፤ ሞኝ! «ሥጋውን ዋጥሽው?» አለች። አዎ ስላት በጥፊ አጮለችኝ። ቀጥላ ቃሪያዋን እየሰነጠቀች ቀና እንኳ ሳትል ተናገረች፤ «ምዌንዴን ደሞዝ እከፍላታለሁ። አንቺ ምን ከፍለሻት ነው ያመንሻት?» ጥፊው በማግሥቱ ተረሳኝ። ይኼ ቃል ግን እስከ አሁን ያመኛል።

ቦታዋን አኪኚ አገኘች። እኔን አግሪካልቸር ወረወሩኝና እስክጨርስ ድረስ የአሳማ ጉረኖ ስጠርግ ኖርኩ። የሐበሻ ልጅ ከአሳማ ጋር! ዩኒፎርሜን በር ላይ አውልቄ ካልሆነ እማዬ ቤት አታስገባኝም። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የእኛው ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው ይሸሹኝ ነበር። አሁን መሃል ከተማ የጉምሩክ ወረቀት የሚያስጨርስ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ክፉ ሥራ አይደለም። ግን ሥራዬ ነው ብዬው አላውቅም።

አምና ኪሌሌሽዋ ሰፈር የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ነበርን። ምግቡን ያቀረበችው አኪኚ ነች። ሰፊ ድርጅት፣ ስሟ የተጻፈበት መኪና፣ ሽርጥ የለበሱ ወጣቶች። ገና ስታየኝ ጮኻ አቀፈችኝ፤ እንዲህ ያለ ናፍቆት ከየት መጣ! እጄን ይዛ ወደ ሠራተኞቿ ጎተተችኝና «ይቺ ናት! ያቺ ሁሌ የምነግራችሁ፣ ሳትቀምስ የምታበስለዋ!» አለቻቸው። ልጆቹ ባንዴ ሳቁ። ታሪኩን ሁሉም ያውቀዋል፤ ለካ አዲስ ሠራተኛ ስትቀጥር የምታስተምርበት እኔ ነኝ። ጨምሪ ያለችኝን ነግራቸው ይሆን ብዬ ፊታቸውን አየሁ። አልነገረቻቸውም። እሷ በታሪኩ ውስጥ የለችም። እንዲያውም፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ የረሳችው ይመስለኛል።

ከእጇ አልበላም ብዬ ተቀመጥኩ። ባሌ ቆንጥሮ ሳህኔ ላይ አደረገልኝ፣ የበሬ ሥጋ ወጥ። ቀመስኩት። ሥጋው ሳይፈርስ በስሏል፣ ሽንኩርቱ ጠፍቶ ወጡ ውስጥ ገብቷል፣ ጨዉ ልክ ነው። እንደዚህ ነበር እኔ ማብሰል የፈለግሁት፤ ልክ እንደዚህ። ተነሥቼ ሰው ሁሉ እያየኝ ደግሜ ቀዳሁ።