ጄኔባና የማርሚታው ድምፅ

ቦቦ ዲዩላሶ ሴቱም ወንዱም፣ ነፍሰ ጡሯም ሽማግሌውም በሞተርሳይክል የሚሄድበት ከተማ ነው። ስለዚህ ጄኔባ ሳኑ ሥራ ፈትታ የተቀመጠችበት ቀን አይታወስም። ሙያውን ያገኘችው ከባሏ ከላሲና ነው። ላሲና ዓይኑ እየደከመ ሲሄድ እሱ የሞተሩን ሕመም በጆሮው ለይቶ ይነግራታል፣ እሷ በእጇ ትፈታለች። እሱ ከሞተ በኋላም ካቻቢቴውን አላስቀመጠችም። በግቢው ማንጎ ዛፍ ሥር ጆንያ አንጥፋ ለሴቶቹ ዘይት ትቀይራለች፣ ካንዴላ ትጠርጋለች፣ የላላ ካቴና ትወጥራለች። ጎረምሶቹ የሚፈልጉት ግን ሌላ ነው፤ የጭስ ማውጫውን፣ ማርሚታውን፣ ሰንጥቃ ሆድ ዕቃውን እንድታወጣላቸውና ሞተሩ እንዲያገሳ።

ችግሩ ግቢው የእሷ ብቻ አለመሆኑ ነው። ከማንጎው ማዶ፣ ዳሱ ሥር፣ የባሏ ታላቅ ወንድም ሽማግሌው ኬሌቲጊ ባላፎን፣ የተደረደሩ እንጨቶቹ በመምቻ እየተመቱ የሚዜምበትን መሣሪያ፣ ይሠራሉ። እንጨቱን ይጠርባሉ፣ ይመታሉ፣ ጆሯቸውን ያዘነብላሉ፣ ደግሞ ትንሽ ይፍቃሉ። ድምፁን እንዲያጎሉ ከእንጨቶቹ ሥር የሚታሰሩት ቅሎች፣ ትንሹም ትልቁም፣ ከዳሱ ጣሪያ ተንጠልጥለዋል።

አንድ ጠዋት ሳምቦ ሲዲቤ የሚባል፣ ከከብት አርቢዎቹ ከፉላኒዎች ወገን የሆነ ወተት አመላላሽ ጄኔባ የከፈተችለትን ማርሚታ ሊሞክር እዚያው ግቢ ውስጥ ቤንዚን ሰጠው። ሞተሩ ነጎድጓድ ሆነ። ኬሌቲጊ የመጨረሻውን፣ ወፍራም ድምፅ የሚሰጠውን ትልቁን እንጨት እየፋቁ ነበር፤ ደነገጡና እጃቸው አለፈ። ብዙ የተፋቀ እንጨት ተመልሶ አይለጠፍም። ሽማግሌው ተነሥተው ማንጎው ሥር መጡ።

«ጄኔባ፣ የወንድሜን መሣሪያ ከዚህ ግቢ አንሺ።»

«ኮሮ፣ የት ልውሰደው?» አለች። ታላቅ ወንድሜ ማለቷ ነው።

«ጩኸት ወደሚወደድበት። ቤቱ ቤትሽ ነው፣ አልነካሽም። ሥራው ግን ይውጣ።»

ሥራው ከወጣ እሷ ምን እንደሚቀራት ሁሉም ያውቃል። ሴቶቹ ወደ እሷ የሚመጡት መንገድ ዳር፣ ወንድ መሃል ቆመው መጠበቅ ስለማይወዱ ነው። እዚህ ግን ልጃቸውን ጆንያው ላይ አስተኝተው ወሬያቸውን እያወሩ ይጠብቃሉ።

ሳምቦ ሞተሩን አጥፍቶ መሬት ላይ ዝርፍጥ አለ።

«አንተ ጠላ ጠጪ ቦቦ! ይህቺን ሴት ከሥራዋ ካባረርክ እኔንም እዚሁ ቅበረኝ።»

«ላንተ ጉድጓድ ቆፍሬ ጉልበቴን አላባክንም። እንጨቴን የገደለው ማን ሆነና፣ ላም ጎታች!»

«ጆሮህ ድሮም በጠላ ደንቁሯል። የኔ ላም ካንተ የተሻለ ትሰማለች።»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ቦቦና ፉላኒ የተባሉት ሕዝቦች በልማድ እየተቀላለዱ ሲሰዳደቡ ቂም የለም፤ በዚያ ላይ ፉላኒ መሬት ተቀምጦ የለመነውን ቦቦ እምቢ አይልም። ኬሌቲጊ ቸገራቸው፤ ፂማቸውን አሻሹ።

«እሺ፣ ሌላ የደረቀ እንጨት አለኝ። እሱን የምቃኝ ቀን ይሄ ሞተርህ እዚህ አጠገቤ ይነሣ። እንጨቴን በትክክል ከቃኘሁ ሥራዋ እዚሁ ይቆያል። ካቃተኝ መሣሪያዋን አንተ ትሸከምላታለህ።»

«ካንተ ነገር አይከብድም» አለ ሳምቦ።

ጄኔባ መጀመሪያ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ማርሚታው ውስጥ ጠቀጠቀች። ጩኸቱ ቀነሰ፤ ሞተሩ ግን አስም እንደያዘው ሰው አጣጣረ። ግማሹን ሽቦ አወጣችለት። መተንፈሱን ተነፈሰ፤ ነገር ግን ከሥር አንድ ወፍራም እምምታ ቀረ፣ ደረት ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ። የሽማግሌው ትልቅ እንጨት ድምፅ ደግሞ ውፍረቱ ልክ እንደዚያው ነው። እንዲህ ሆኖ ማን ይቃኛል?

እያስነሣች ስታጠፋ ዓይኗ ዳሱ ላይ አረፈ። ነፋስ የለም፤ ከተንጠለጠሉት ቅሎች አንዱ ትልቅ ቅል ግን ብቻውን ያንጎራጉራል፣ ድምፁን እንድታርገበግብ በሸረሪት ድር የተሸፈነችው ቀዳዳው ትርገበገባለች። ከጎኑ ያሉት ቅሎች ድምፅ የላቸውም። ሄዳ ያዘችው፤ እምምታው መዳፏ ውስጥ ገባ።

«ይሄ ድምፁን ያውቀዋል» አለች ለራሷ። «ታዲያ ለምን አይውጠውም?»

ኬሌቲጊን አስፈቅዳ ቅሉን አወረደች፤ ማሽላ ሞላችውና ያንኑ ያህል ማሽላ የሚይዝ ዕቃ ከላሜራ በየደች። አጭር አንገት አበጅታ ከማርሚታው ጎን ገጠመችው። ሞተሩ ሲነሣ እምምታው እልም አለ። እልል ልትል አፏን ስትከፍት ብረቱ እየጋለ ሄደና ድምፁ ተመልሶ መጣ።

ማንጎው ሥር ተቀምጣ አሰበች። ለቀጭን ድምፅ ትንሽ ቅል፣ ለወፍራም ድምፅ ትልቅ ቅል እንደሚታሰር በዚያ ግቢ የማያውቅ የለም። ቅሉ ጥላ ሥር ይኖራል፣ ማርሚታ ግን እሳት ነው። ሙቀቱ የዕቃዋን ድምፅ አቅጥኖ ዕቃውን ያሳነሰባት ያህል ሆኗል። ስለዚህ ዕቃውን ቆርጣ ወገቡ ላይ ተጨማሪ ላሜራ አስገባች፤ ሞከረች፤ አልበቃም፤ ደግማ አሰፋችው። በመጨረሻ ሞተሩ ውኃ ጠብ ሲልበት ቺስ እስኪል ግሎ እንኳ፣ ዳሱ ሥር ወደ ቦታው የተመለሰው ቅል አላንጎራጎረም።

የመቃኛው ቀን ግቢው በሰው ሞላ። ሴቶቹ ሞተራቸውን ደጅ አቁመው ገቡ፤ ጎረምሶቹ አጥሩ ላይ ተንጠለጠሉ። ሳምቦ ሞተሩን አስነሣ። ኬሌቲጊ መምቻውን ሲያነሡ ጄኔባ እጇን ዘረጋች።

«ኮሮ፣ ትንሽ ይጠብቁ። ሳይግል አይፍረዱልኝ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት፤ መምቻውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጠበቁ። ብረቱ ሲግል ጀመሩ። መቱ፣ ፋቁ፣ መቱ። ትልቁን እንጨት ከቀጭኑ እኅቱ ጋር እያስተያዩ ብናኙን እፍ አሉት። ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

«ይሰማኛል» አሉ።

ጄኔባ ሞተሩን ልታጠፋ እጇን ሰደደች።

«ሞተር ነውና ይሰማኛል። ግን እንጨቴ ውስጥ አይገባም።» ሁለቱን እንጨቶች አንድ ላይ መቷቸው፤ ድምፃቸው አንድ ሆኖ ወጣ። «መሣሪያሽ እዚሁ ይቀመጥ።»

የሴቶቹ እልልታ ከማንኛውም የተከፈተ ማርሚታ በልጦ ሰፈሩን አናወጠው።

«እኔስ?» አለ ሳምቦ። «ደንበኞቼ ወተት መጣ የሚሉት በሞተሬ ጩኸት ነበር!»

«አንተው ራስህ ጩህ» አሉ ኬሌቲጊ። «አፍህ ከማርሚታ ያንሳል?»

አጥሩ ላይ ከነበሩት ጎረምሶች አንዱ፣ ሲያሾፍ የቆየው፣ ሰው ሲበተን ቀስ ብሎ ተጠጋ። እናቱ በሞተሩ ጩኸት የተነሣ ከቤት ሊያስወጡት ነው። «ለኔም ዕቃውን ትሠሪልኛለሽ፣ እትዬ?» አላት። ጄኔባ የሞተሩን ቁልፍ ተቀበለችው።

ባላፎኑ ሲያልቅ ኬሌቲጊ ለገዢው የሚያደርስላቸው ጋሪ አልፈለጉም። ያንኑ ዕቃ ከገጠመችበት ከጄኔባ ሞተር ኋላ ወጥተው ባላፎኑን ጭናቸው ላይ አቀፉና «ንጂ» አሉ። በመንገዱ ሁሉ በጣታቸው ትልቁን እንጨት እየነኩ ያዳምጡ ነበር። ዳገቱ ጋ ስትደርስ ጄኔባ ሙሉ ቤንዚን ሰጠችው፤ ሞተሩም ሁለቱን ይዞ፣ ሳይታፈንና ሳይጮህ፣ ሽቅብ ወጣ።